ከቶለሺ ጋር ወንጪን ስንዋኝ

ባለፈው ጥቅምት ነው። አምቦ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ወደ ጉደር የሚሄድ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ አልፈውኝ ሄዱና ጥቂት ተራምደው ተመለሱ። ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው ትክ ብለው አዩኝ። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም፤ ፊታቸው ከስቷል፣ ያ ሰፊ ትከሻቸውም ወርዷል። «መምህር ታዬ ነዎት አይደል?» ሲሉኝ ግን በድምፃቸው አወቅኋቸው። ኦቦ ፊጣ ናቸው፣ የቶለሺ ታላቅ ወንድም። እንደ አገራችን ሰው ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ አዝመራው ተጠያየቅን። ከዚያ ኦቦ ፊጣ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና «ቶለሺ ወደ ጌታ ሄደች። ባለፈው ክረምት። ሰምተዋል ብዬ ነበር» አሉኝ። አልሰማሁም ነበር። ወደ አገራቸው ወደ እጃጂ የሚሄደው መኪና ሊሞላ ስለሆነ ረዳቱ ጠራቸው፤ እጄን ጨብጠው ሄዱ።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የጉደሩ ታክሲ መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ። ሌላም መጣ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ለዘመድ መልእክት ይላካል፣ ዕድርተኛው ይጠራል፣ በሩቅ ያለው በስልክ ይነገረዋል። ለእኔ ማን ይንገረኝ? ባሏ አይደለሁም፣ ወንድሟ አይደለሁም፣ የዕድሯ አባል አይደለሁም፣ የቤተ ክርስቲያኗም ሰው አይደለሁም። እሷ ካረፈች በኋላ ክረምቱን ሙሉ ጎመኔን ስኮተኩት፣ ጎረቤት ሰርግ ላይ ስበላና ስስቅ ነው የከረምኩት። ጉደር መሄዴን ትቼ ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ፤ እግሬ ግን ወደ ቤት አልወሰደኝም፣ ወደ መዋኛው ነው የወሰደኝ።

የአምቦን መዋኛ ሽታ የማያውቅ ሰው እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ከመሬት ሆድ የሚወጣ ለብ ያለ ውሃ ነው፤ እንደ ዛገ ብረት፣ ትንሽም እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይሸታል። ገላን ከታጠቡ በኋላም ፀጉር ውስጥ ይቆያል። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ይሞላዋል፣ ሕፃን ይጮሃል፣ ድንችና ማንጎ ይሸጣል። በሥራ ቀን ማለዳ ግን የእኛ የአምቦ ሰዎች ነበር። እኔ መዋኘት በጀመርኩበት ጊዜ ባጃጅ ገና ከተማውን ማጥለቅለቅ መጀመሩ ነው፤ ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ እስከ መዋኛው በኪስ ዝርዝር ያደርሱ ነበር፣ ዛሬ ያ ገንዘብ አንድ ሎሚ አይገዛም። ወንዱ ሁሉ በኳስ ቁምጣ ነው የሚገባው፤ የዋና መነጽር ያለው ሰው ካለ፣ ዘመድ ከውጭ የላከለት ብቻ ነው። እኔ ጡረታዬ የቀረበ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ አስካለ ካረፈች ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ አንዲቷ ልጄ ሜሮን አግብታ አዲስ አበባ ትኖራለች። ጉልበቴን ሲያመኝ ሐኪሙ «ዋና ይዋኙ» ስላለኝ ነው ማለዳ ማለዳ መሄድ የጀመርኩት። ዋና ብዬ የማውቀው በልጅነቴ ሁሉቃ ውስጥ ያንቦጫረቅኩትን ነው።

ሲስተር ቶለሺን ያየኋት እዚያ ነው። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነበረች፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ ቁመቷ ዘለግ ያለ። ከጉልበት በታች የሚወርድ ጥቁር ሱሪና እጅጌው ረጅም የሆነ ጥቁር ሹራብ መሳይ ልብስ አድርጋ ነበር የምትዋኘው፤ ገበያው አጠገብ ያለ ልብስ ሰፊ ነው ከማይከብድ ጨርቅ የሰፋላት። ሹሩባዋን በላስቲክ ቆብ ትሸፍነዋለች። ውሃ ውስጥ ስትገባ ድምፅ የላትም። ከዳር እስከ ዳር ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ትሄዳለች፤ እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ ሳለከልክ «መምህር፣ ውሃውን አይምቱት፤ ምንም አላደረገዎትም» አለችኝ አንድ ቀን። የመጀመሪያው ንግግራችን ይህ ነው። ከዚያ በኋላ እጄን እንዴት እንደምዘረጋ፣ ትንፋሼን እንዴት እንደምለቅ አሳየችኝ። በወጣትነቷ ባሕር ዳር ተመድባ ሳለች ጣና ላይ እንደተማረች ነገረችኝ። አላገባችም። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ በደመወዟ ታናናሾቿን አስተምራ፣ ድራ፣ ስታበቃ ዕድሜው አልፎ ነበር። መዋኛውን ብትወደውም «እዚህ መዋኘት ክፍል ውስጥ እንደ መሮጥ ነው፤ ግድግዳ ይቀድምዎታል» ትል ነበር። ወንጪ እንሂድ ያለችውም እሷ ናት።

ወንጪን ለተማሪዎቼ ለዓመታት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ፤ የጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ውሃ ነው እያልኩ። ገብቼበት ግን አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ መንገዱ ገና ጠጠር ነው። ከአምቦ ወደ ተራራው ስንወጣ አቧራው ቅንድባችንን ነጭ ያደርገዋል። ሚኒባሱን የሚነዳው ልጅ ጨዋ ነበር፤ ዳገቱን ስንወጣ ለእሷ መዝሙር ይከፍታል፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ ለእኔ የድሮ ትዝታ ይከፍትልኛል፤ እሷ መስኮት መስኮቱን እያየች በከንፈሯ ትከተለዋለች። ከአፋፉ ላይ ወርደን በእግር እንሄዳለን፣ በእንሰቱ መሃል፣ ቃጭል ያሠሩ ፈረሶችን እያሳለፍን። ታች ውሃው ዳር ኦቦ ዳባ የሚባል ባለ ጀልባ ይጠብቀናል። ጀልባው ከእንጨት የተጠረበ ነው፤ ሰው ወደ ደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ያሻግርበታል። ለእኛ ግን ሥራው ሌላ ነበር፤ እኛ ስንዋኝ ከጎናችን ቀስ እያለ እየቀዘፈ፣ ልብሳችንን ይዞ፣ እንዳንሰጥም መጠበቅ። የመጀመሪያ ቀን ሁለት የጎለመሱ ሰዎች ቫዝሊን ተቀብተው ወደዚያ በረዶ ውሃ ሲገቡ አይቶ ሐዘን ደርሶብን እንደሆነ ጠየቀን።

በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ዳር ዳሩን ብቻ ነበር የምንዋኘው። ወንጪ እንደ አምቦ አይደለም፤ ይቆርጣል። ደረት ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ይጠፋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ ተራራው ቢጫ ሲለብስ፣ ውሃው አረንጓዴ ይሆንና የገዛ እጅን ከሥር ያሳያል። አንድ ቅዳሜ እስከ ደሴቱ እንሞክር ተባባልን። ከግማሽ መንገድ በላይ እንደሄድን የግራ እግሬ ባት ኩምትር ብሎ ያዘኝ። ውሃ ዋጥኩ። ኦቦ ዳባ ወደ ፊት ቀድሞን ስለነበር ጀርባው ነው የሚታየኝ። ቶለሺ አየችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንቱ ያላለችኝ ጊዜ የለም፤ እኔም አንቺ ብያት አላውቅም። ያን ጊዜ ግን «አንተ! በጀርባህ ተኛ! ወደ እኔ እይ!» አለችኝ። ተኛሁ። ከሥሬ ገብታ አገጬን በመዳፏ ይዛ ሰማዩን እንዳይ አደረገችኝ፣ በሌላ እጇ እየቀዘፈች። እግሬ እስኪፈታ ድረስ ጆሮዬ አጠገብ በኦሮምኛ ታወራኝ ነበር፣ ሕፃን እንደምታባብል። ደሴቱ ስንደርስ ኦቦ ዳባ ፎጣ ሰጠን። ቶለሺ ጥርሷ እየተንቀጠቀጠ «ይቅርታ መምህር፣ አንተ አልኩዎት» አለች። «ካሁን በኋላ አንቱ ካልሽኝ ተመልሼ እገባለሁ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶሌ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስልሳ የደረሰ ሰው ሲወድ ከሃያ ዓመት ልጅ የሚለየው መደበቅ አለመቻሉ ነው። ጫማዬን መወልወል ጀመርኩ። ዩኒፎርሟ ላይ የምትደርበውን ያን ሰማያዊ ሹራብ ከሩቅ ስመለከት፣ ስታዲየሙ አጠገብ ካለው ጁስ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን መሻገር ያቅተኝ ነበር። ቅዳሜ ከውሃ ወጥተን ኦቦ ዳባ ቤት ትኩስ ቆጮ በጎመን እንበላለን፤ እሷ ፀጉሯን በፀሐይ ታደርቃለች፣ የውሃው ጠረን ከልብሷ ይወጣል። የደሴቱ ደወል ሲደወል እኔ አማትባለሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና በራሷ ትጸልያለች። አንዳችን ሌላውን ጠብቀን እንጨርሳለን። እኔ የእምነታችን መለየት ይህን ያህል የሚያጣላ ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ወንጪ አስፋልት ገብቶለታል፣ ሎጅ ተሠርቷል። ብርቱካናማ ጃኬት ያጠለቁ ወጣቶች በካያክ ይሽቀዳደማሉ፣ የሞተር ጀልባ ውሃውን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ደስ ይላል፣ አልቃወምም። አምና ሄጄ አንዱን ልጅ እስከ ደሴቱ መዋኘት ይቻል እንደሆነ ብጠይቀው፣ «አባባ፣ እዚህ ማን ይዋኛል? ይበርዳል እኮ» አለኝ።

በዓመቱ መስከረም ላይ እንድታገባኝ ጠየቅኳት፤ እሺ አለችኝ። እንደ ወጉ ሽማግሌ ወደ እጃጂ ላክሁ። ኦቦ ፊጣ በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌዎቼን በክብር ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ «ሰውየው መልካም እንደሆነ ሰምቻለሁ። ወደ እኛ እምነት ከመጣ እህቴ የእሱ ናት» አሏቸው። ደግሞም እህታቸው በዚያ ዕድሜዋ ከወንድ ጋር ሐይቅ ውስጥ መግባቷን ሰምተው አዝነው ነበር፤ አምቦ መጥተው ለእኔም ይህንኑ ነገሩኝ። የእኔዋ ሜሮን በበኩሏ ስልክ ላይ አለቀሰች። እናቷ የተቀበረችበትን ደብር ትቼ ልሄድ መስሏት ነው። የንስሐ አባቴም ቶለሺ ብትጠመቅ ነው የሚሻለው አሉኝ። እኔ እሷን ተይ ማለት አልቻልኩም፤ እሷም እኔን። አንድ ቀን መዋኛው ጠርዝ ላይ እግራችንን ነክረን ስንነጋገር፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም፣ እሑድ እሑድ እያንዳንዳችን ወደየቤተ ክርስቲያናችን እንሄዳለን፣ ምሳ አብረን እንበላለን ተባባልን። በቃ፣ ይህን ያህል ቀላል ነበር። አልጋ ልብስ እንኳ ገዝታ ነበር፣ አረንጓዴ።

ለፊርማው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ እናቷ ታመው እጃጂ ተጠራች። ፈቃድ ወስዳ ሄደች። የሄደች ሰሞን በየማታው ትደውልልኝ ነበር። ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ፤ በጸጥታው ችግር መንገዱ ተዘጋ፣ መኪና ቆመ፣ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፋ። የዚያን ጊዜ የኖረ ሰው ምን እንደምል ያውቃል፤ እዚያው አንድ ዞን ውስጥ ሆነን እሷ የባሕር ማዶ ሰው ሆነችብኝ። እጃጂ መንገድ ላይ ካለችው ከጌዶ በኩል በእግሩ የመጣ ሰው አለ ሲባል ሮጬ ሄጄ እጠይቃለሁ። ደህና ናት የሚል አለ፣ አላውቃትም የሚል አለ። ማለዳ ማለዳ መናኸሪያው ባዶ ሜዳ ላይ ቆሜ ስለምመለስ እኔና ጥበቃው ተሰለቻችተን ነበር። መዋኛውም ተዘግቶ ነበር፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሳየው ቅጠል ሞልቶበታል።

መንገዱ በተከፈተ ሰሞን መጣች። ቤቴ በር ላይ ቆማ ሳያት ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። እናቷ እንደሞቱ ሳትነግረኝ አወቅሁ። ውስጥ አስገብቼ አስቀመጥኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቃት አላለቀሰችም።

«እማዬ እጄን ይዛ ለመነችኝ» አለች። «ከወንድምሽ አትለይ፣ ከቤታችን አትውጪ አለችኝ። ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ፤ እኔ ነርስ ሆኜ የምሰጣት ነገር የለኝም። እሺ አልኳት። ሌላ ምን ልስጣት?»

ብዙ ተከራከርኳት። በሕመም የተጠየቀ ቃል ቃል አይደለም አልኳት። እናት ብትኖር ኖሮ ሐሳቧን ትለውጥ ነበር አልኳት። ሁሉንም እስክጨርስ ጠበቀችና «ታዬ፣ እሷ አሁን ሐሳቧን ልትለውጥ አትችልም። ለሞተ ሰው የሰጠሁትን ለማን እመልሰዋለሁ?» አለችኝ። ዝውውር ወደ እጃጂ ጠይቃ እንደተፈቀደላት ነገረችኝ። ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ጊዜ ወንጪ እንድንሄድ ፈለገች።

ሄድን። ኦቦ ዳባ ባየን ጊዜ ደስታውን አልቻለውም፤ ጀልባው ለብዙ ወራት ዳር ላይ ተገልብጦ ቆይቶ ነበር። ቶለሺ ቆቡን በተላጨ ራሷ ላይ ስታደርግ ዞር አልኩ። ወደ ደሴቱ ጎን ለጎን ዋኘን፤ የእጃችን ምት አንድ ሆኖ ነበር። መሃል ላይ ስንደርስ ቆመች፣ በጀርባዋም ተንሳፈፈች። እኔም እንደሷ አደረግሁ። ጆሮ ውሃ ውስጥ ሲሆን የገዛ ልብ ብቻ ነው የሚሰማው። ጣቷ ጣቴን ነካ፣ ያዘኝ። ኦቦ ዳባ መቅዘፊያውን አንሥቶ ጠበቀን። እስኪበርደን ድረስ፣ ከበረደንም በኋላ፣ እንዲያው ሰማዩን እያየን ቆየን። ሲመሽብን «እንሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ። ዳር ወጥታ ስትለብስ «እንዳትደውልልኝ። ከደወልክ እመጣለሁ» አለችኝ። አልደወልኩም። እንዳትመጣ ፈልጌ አይደለም፤ መጥታ ዕድሜዋን ሙሉ የእናቷን ፊት ስታይ እንድትኖር ስላልፈለግሁ ነው።

ከዚያ በኋላ እሷ እጃጂ፣ እኔ አምቦ። በመኪና ቁርስ በልቶ ለምሳ የሚደረስበት መንገድ ነው። ከዚያ የመጣ ታካሚ ሲያጋጥመኝ ስለ ሲስተር ቶለሺ አዙሬ እጠይቃለሁ፤ ደግ ናት፣ ሌሊት ቢጠሯት ትመጣለች ይሉኛል። እጃጂ የሚዋኝበት ውሃ የለም። ያን ጥቁር ልብስ ምን አድርጋው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።

እንግዲህ ኦቦ ፊጣ መናኸሪያው ላይ በነገሩኝ ሳምንት ለቅሶ ልደርስ ወደ እጃጂ ተነሣሁ። ሜሮን ስትሰማ ከአዲስ አበባ ደውላ «አባዬ፣ ብቻህን አትሂድ» አለችኝ፤ ብቻዬን ሄድኩ። መንገድ ላይ ሳለሁ ማን ነዎት ብለው ሲጠይቁኝ የምለውን አዘጋጀሁ። በአንድ ወቅት ያከመችኝ ሰው ነኝ ልል ነበር፤ ውሸትም አይደለም። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሰው የለመደው ቤት። ግድግዳው ላይ የቶለሺ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፣ በነጭ ዩኒፎርም፣ እኔ ከማውቃት ቀጭን ሆና፤ ስኳር በሽታ ነው የጣላት። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ኦቦ ፊጣ ጥግ ላይ ተቀምጠው በጭንቅላታቸው ሰላም አሉኝ። ሴት ልጃቸው ሲፈን፣ አስተማሪ ናት፣ አክስቷን በመጨረሻ ያስታመመቻት እሷ ናት፣ ለስላሳ አቀረበችልኝና በትሕትና «ከአዳዳ ጋር በሥራ ነው የምትተዋወቁት?» አለችኝ። አዳዳ የአባት እህት ነው በእነሱ።

ያዘጋጀሁት ቃል ከአፌ አልወጣም።

«አብረን እንዋኝ ነበር» አልኩ።

ሲፈን ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፈገግታዋ ቆመ። ሌሎቹ ሴቶች ተያዩ። «አዳዳ ዋና ትችል ነበር?» አለች። እኔን አልነበረም የጠየቀችው፤ ወደ አባቷ ዞራ ነው። ከአክስቷ ጋር ዓመታት የኖረች ልጅ ናት። ኦቦ ፊጣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ወንጪን እስከ ደሴቱ ታቋርጥ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ ነገሩ በዚህ ቤት አይነሣ ያልኩት። መምህር፣ ይንገሯቸው።»

ነገርኳቸው። ከመዋኛው ጀመርኩ፣ ከጥቁሩ ልብስ፣ ውሃውን አይምቱት ካለችኝ። እግሬን ይዞኝ እንዴት በጀርባዬ እንዳስተኛችኝ፣ ጆሮዬ ላይ ያለችኝን በኦሮምኛ እንዳለችው ተናገርኩ። ስለ ጋብቻው ምንም አላልኩም፤ ግን እዚያ ቤት ነገሩ ያልገባው ሰው አልነበረም። ሐይቁ መሃል ቆመን በጀርባችን የተንሳፈፍንበት ላይ ስደርስ አቋረጥኩ። ጋቢዬን ፊቴ ላይ አደረግሁ። አንዲት ሴት ከጥግ ማልቀስ ጀመረች፣ ሌላዋም ተከተለች፤ የቀዘቀዘው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሣ። ኦቦ ፊጣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ መጥተው ተቀመጡ።

ሲፈን እንባዋን ጠርጋ ፊቴ ቆመች። ጎንበስ ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለችኝ። ከዚያ በቤቱ የነበረው ሰው ሁሉ፣ ታላቅም ታናሽም፣ አንድ በአንድ እየተነሣ መጥቶ እጄን ይዞ እንደዚያው አለኝ።